በሩ ከተዘጋ በኋላ የምትሠሩበት ሰዓት፦ የሱቅ ሠራተኞች ጥያቄዎችና መልሶቻቸው

በሱፐርማርኬት ገንዘብ ተቀባይነት ለዓመታት ሠርቻለሁ። ዛሬ የሠራተኞችን የመብት ክርክር እከታተላለሁ። «ጥያቄ ያላችሁ ጠይቁኝ» ብዬ ከደረሱኝ ውስጥ የብዙዎቻችሁ ችግር የሆኑትን መልሻለሁ።

ጋሼ፣ ሚኒማርኬት ውስጥ ጠዋት 2 ሰዓት ገብቼ ማታ 1 ሰዓት እወጣለሁ። ደመወዜ 6,240 ብር ነው። የትርፍ ሰዓት ስጠይቅ «ደመወዝሽ ሁሉንም ያጠቃልላል» ይሉኛል።

አያጠቃልልም፣ እህቴ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛው ሥራ በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት እንዳይበልጥ ይላል። የአንድ ሰዓት ምሳ ሲቀነስ አንቺ በቀን 10 ሰዓት ትሠሪያለሽ። እስቲ እናስላው። 6,240 ለ26 ቀን፣ ከዚያም ለ8 ሰዓት ሲካፈል የአንድ ሰዓት ዋጋሽ 30 ብር ነው። ከጠዋቱ 12 እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት የሚሠራ ትርፍ ሰዓት በ1.5 ስለሚባዛ 45 ብር ይሆናል። በቀን 2 ሰዓት ለ26 ቀን ሲታሰብ በወር 2,340 ብር ቀርቶብሻል፤ ከደመወዝሽ ሲሶ በላይ ማለት ነው።

ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ ከሆነ ማባዣው 1.75፣ በሳምንት ዕረፍት ቀን 2፣ በሕዝብ በዓል ቀን ደግሞ 2.5 ነው። ትርፍ ሰዓት ሲከፈልም ገደብ አለው፤ በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት ማለፍ አይችልም።

የመግቢያና የመውጫ ፊርማ የለንም። በምን አስረዳለሁ?

ይህ ጥያቄ እኔንም ያመኛል። በእንቁጣጣሽ ሰሞን በሩ ከተዘጋ በኋላ እስከ ምሽቱ 5 ሰዓት ዕቃ እንቆጥር ነበር። ሥራውን ለቅቄ ልጠይቅ ስነሣ በእጄ አንዲት ወረቀት አልነበረችም። ስለዚህ ዛሬውኑ ደብተር ግዙ። ቀኑን፣ የገባችሁበትን፣ የወጣችሁበትን፣ አብሯችሁ ያመሸውን ሰው በየዕለቱ ጻፉ። ገንዘብ ተቀባይ ከሆናችሁ ደግሞ ማሽኑ ራሱ ምስክር ነው፤ ሒሳብ ስትዘጉ የሚወጣው ዜድ ሪፖርት ላይ ሰዓቱ ታትሟል። ወረቀቱ የድርጅቱ ስለሆነ ይዛችሁ አትውጡ፤ ቁጥሩንና ሰዓቱን ግን በደብተራችሁ አስፍሩ። ክርክር ሲነሣ ፍርድ ቤቱ ሪፖርቱ እንዲቀርብ እንዲያዝ መጠየቅ ትችላላችሁ።

ቀን ቆጥራችሁ ተንቀሳቀሱ። የደመወዝና የትርፍ ሰዓት ጥያቄ መከፈል ከነበረበት ቀን አንሥቶ በ6 ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል፤ የመጠየቂያ ጊዜው አለፈ ማለት ነው። ባለቤቱ «በሚቀጥለው ወር፣ በሚቀጥለው ወር» እያለ የሚያሳልፈው ጊዜ ከእናንተ ላይ ነው የሚቆጠረው። የቃል ተስፋ ይርጋን አያቋርጥም። የሚያቋርጠው ለሚመለከተው አካል አቤቱታ ማቅረብ ወይም አሠሪው ዕዳውን በጽሑፍ ማመኑ ነው።

ካዝና ሲጎድል ለሁላችንም እኩል ይቆረጥብናል።

ማን እንዳጎደለ ሳይጣራ በጅምላ መቁረጥ ግፍ ነው። ከደመወዝ የሚቆረጠው ሕግ፣ የኅብረት ስምምነት (የሠራተኛ ማኅበርና አሠሪ የሚዋዋሉት)፣ የሥራ ደንብ ወይም የፍርድ ቤት ትእዛዝ ሲኖር፣ አለዚያም ሠራተኛው በጽሑፍ ሲስማማ ነው። ያኔም ቢሆን ከወር ደመወዝ አንድ ሦስተኛ አይበልጥም። ባዶ ቅጽ ላይ ፈርሙ ሲሏችሁ አትፈርሙ።

ነፍሰ ጡር ነኝ፤ በበዓል ሰሞን አምሺ ተብያለሁ።

አታምሺም። ነፍሰ ጡርን በትርፍ ሰዓትም ሆነ ከምሽቱ 4 እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ማሠራት ክልክል ነው።

«ሱፐርቫይዘር» የሚል ማዕረግ ሰጥተውኝ «ኃላፊ ትርፍ ሰዓት የለውም» አሉኝ።

ወንድሜ፣ አዋጁ የማይመለከተው የሥራ መሪን ነው። የሥራ መሪ የሚያሰኘው ደረትህ ላይ የተለጠፈው ስም አይደለም፤ ሥልጣንህ ነው። ሠራተኛ ትቀጥራለህ? ታሰናብታለህ? ሥራህ መደርደሪያ ማስተካከልና ቁልፍ መያዝ ብቻ ከሆነ ሠራተኛ ነህ፤ ሊከፈልህ ይገባል።

ከጠየቅሁ ያባርሩኛል ብዬ እፈራለሁ።

ፍርሃትሽ ይገባኛል፤ ኪራይና ልጅ ያለበት ሰው እንዴት አይፈራ። ነገር ግን አቤቱታ ማቅረብ ለስንብት ምክንያት እንደማይሆን አዋጁ በግልጽ አስቀምጧል። ብትሰናበቺ ወደ ሥራ ለመመለስ በ3 ወር ውስጥ መክሰስ አለብሽ። የሥራ ክርክር ችሎት ለሠራተኛ የዳኝነት ክፍያ አይጠይቅም። 10 ሠራተኞች ካላችሁ ደግሞ ማኅበር መመሥረት ትችላላችሁ። ለጊዜው ከአንድ ባልደረባሽ ጋር ሁናችሁ ጥያቄያችሁን በደብዳቤ አስገቡ፤ ግልባጩ ላይ የተቀበለውን ሰው ቀን አስጽፋችሁ አስፈርሙ።