መልስ፦ የጀልባ ሞተሬ ጠቅ ብቻ ይላል፣ አይነሳም

ወንድሜ ባትሪው አዲስ ሆኖ ቁልፉን ስታዞር ጠቅ ብሎ ዝም ካለ ሞተሪኖ (ሞተሩን የሚያስነሳውን ትንሽ ሞተር) ለመግዛት አትቸኩል። መጀመሪያ ማሳውን፣ ማለትም ከባትሪው ኔጋቲቭ ወደ ሞተሩ ብረት የሚሄደውን ገመድ እይ፣ ማርሹን ኒውትራል አድርገህ የቴስተሩን (የቮልት መለኪያውን) አንድ ጫፍ የባትሪው ኔጋቲቭ ላይ ሌላውን ንጹህ የሞተር ብረት ላይ ይዘህ ሰው ቁልፉን ያዙርልህ፣ ከ0.5 ቮልት በላይ ካሳየ ችግሩ እዛው ነው። ገመዱ ከላይ ደህና ይመስልና ፕላስቲኩን ገፈፍ ስታደርገው ውስጡ አረንጓዴ ዱቄት ሆኖ ታገኘዋለህ፣ የጣና ውሃ ጨው የለውም ብለህ አትዘናጋ እርጥበቱ ይበላዋል፣ እንደዛ ከሆነ አይጸዳም ቀይረው። ማሳው ደህና ከሆነ ባትሪውን ለካ፣ ቁልፉን ስታዞር ከ9.6 ቮልት በታች ከወረደ ቻርጅ አድርገህ ድገመው፣ ካልወረደ ያኔ ሪሌውን (ቁልፉ ሲዞር ለሞተሪኖው ኤሌክትሪክ የሚለቀውን ማብሪያ) ጠርጥር። እና እባክህ ሞተሩ እየሰራ ባትሪ እንዳትነቅል፣ ሬክቲፋየሩን (ሞተሩ የሚያመነጨውን ኤሌክትሪክ ለባትሪው የሚቀይረውን ዕቃ) ሊያቃጥለው ይችላል።