ጠይቁኝ ያልኩት እኔው ነኝ፦ ስለ ጊኒ ዎርም፣ ስለ ዜሮ ሪፖርትና በሽታን ስለማጥፋት

ሰላም ቤተሰብ። ባለፈው ሳምንት ስለ ጊኒ ዎርም፣ በመጠጥ ውሃ ሰው ውስጥ ስለሚገባው ትል፣ ‹‹ክትባትም መድኃኒትም የለውም፣ ግን ሊጠፋ ነው፤ ዝንጀሮ ነው ያስቸገረን›› ብዬ ሁለት መስመር ጣል ባደርግ የጥያቄ ጎርፍ ወረደብኝ። በበሽታ ቅኝት ሥራ ብዙ ዓመት ቆይቻለሁ፤ የተወሰነውን ጋምቤላ ነው ያሳለፍኩት። የማውቀውን እመልሳለሁ። ‹‹እንዲህ ያደርገኛል፣ ምን ልዋጥ›› የምትሉ ግን ጤና ጣቢያ ሂዱልኝ። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው፣ እንዳትደናገሩ።

ጥያቄ፦ መቆጣጠር፣ ማስወገድ፣ ማጥፋት ስትሉ እንሰማለን። የቃላት ጨዋታ ነው ወይስ እውነት ልዩነት አለው?

አለው እንጂ! ተቆጣጠርነው ስንል በሽታው አለ፣ ግን ልጓም ገብቶለታል ማለት ነው። ተወገደ ስንል አገር ውስጥ መተላለፉ ቆሟል፤ ከውጭ ግን ተመልሶ ሊገባ ይችላል። ጠፋ የሚባለው ከነአካቴው ከምድር ላይ ሲነቀል ነው። ከሰው በሽታዎች እዚህ የደረሰው ፈንጣጣ ብቻ ነው። የእኛ አገር ዘመቻ በ1971 ተጀመረ። የአገራችን የመጨረሻ ታማሚ ነሐሴ 1976 ባሌ ውስጥ ዲሞ በምትባል መንደር ተገኘ። ቀጥሎ ሶማሊያ መርካ ላይ በ1977 በተፈጥሮ የተያዘው የመጨረሻው ሰው ታመመና አበቃ። የሚገርማችሁ፣ እኔ በሠራሁበት መመሪያ ላይ ፈንጣጣ አሁንም ‹‹በ30 ደቂቃ ውስጥ ይነገር›› ከሚባሉት በሽታዎች አንዱ ነበር። ጠፍቷል፣ ግን ማን ያምነዋል።

ጥያቄ (ከዋሽንግተን)፦ አሜሪካ በ2000 ኩፍኝን አስወገድኩ ብላ ነበር። አሁን ከልጄ ትምህርት ቤት ስለ ኩፍኝ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ መጣልኝ። ያኔ ዋሽተው ነው?

አልዋሹም። ‹‹ተወገደ›› እንጂ ‹‹ጠፋ›› አላሉም፤ እላይ ያልኳችሁ ልዩነት ይኸው። አንድ ሰው በአውሮፕላን ይዞት ይገባል፣ ያልተከተቡ ልጆች የተሰባሰቡበት ሰፈር ካገኘ ይቀጣጠላል። ኩፍኝ ቀዳዳ አይምርም፤ እሱን ለማቆም ከመቶ 95 ያህሉ ሁለት ጊዜ መከተብ አለበት። የልጅሽን የክትባት ካርድ አውጪና እዪው፤ ሁለቱም ካሉ እፎይ በይ።

ጥያቄ፦ ጊኒ ዎርም ክትባት የለውም፣ መድኃኒት የለውም ትላለህ። ታዲያ በምን ሊጠፋ ነው? በጸሎት?

ጸሎቱም አይከፋም። ትሉ የሚገባው በመጠጥ ውሃ ነው። ኩሬ ውስጥ በዓይን የማይለዩ ደቃቃ ነፍሳት አሉ፣ የትሉን እጭ የሚሸከሙት እነሱ ናቸው። ሰው ከነነፍሳቱ ይጠጣዋል። ከዚያ ዓመት ያህል ምንም የለም። ሰውየው ያርሳል፣ ያገባል፣ ይጨፍራል። ከ10 እስከ 14 ወር ሲሞላው አብዛኛውን ጊዜ እግሩ ላይ ውሃ ይቋጥርና ያቃጥለዋል። ሲፈነዳ ነጭ ክር የመሰለ ትል ብቅ ይላል፤ ሲዘረጋ አንድ ሜትር የሚደርስ አለ። በፋሻ ጨርቅ ወይም በስንጥር እየጠቀለልክ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ታወጣዋለህ። ችኩል ሰው አይሆንለትም፤ ከተበጠሰ ጉድ ነው። ታማሚው ደግሞ ቃጠሎው እንዲበርድለት እግሩን ኩሬ ውስጥ ሲነክር ትሉ እጩን ይረጫል፣ ዑደቱ ይቀጥላል።

ስለዚህ ሥራው ሁሉ ይህን ሰንሰለት መበጠስ ነው። ውሃ በጨርቅ ማጥለል። አደንና ማር ቆረጣ ጫካ ለሚገቡት አንገት ላይ የሚንጠለጠል የመምጠጫ ማጣሪያ መስጠት። ትል የወጣለትን ሰው ቁስሉ እስኪድን ከኩሬ ማራቅ፣ እየመገቡም ቢሆን። ኩሬው ውስጥ ደግሞ ነፍሳቱን የሚገድል ኬሚካል ይጨመራል፣ ስሙ አቤት ይባላል። ውሃው የጠራን ይመስል! በ1986 በዓለም 3.5 ሚሊዮን ያህል ሰው ይይዝ የነበረው በሽታ ዛሬ በጣት ወደሚቆጠር ሰው የወረደው በዚህ ነው። ጨርቅ፣ ኬሚካልና ‹‹እዚያ የታመመ አለ ይባላል›› የሚል ወሬ ማሳደድ።

ጥያቄ፦ እንግዲያው ለምን አላለቀም? ዝንጀሮ ምን አገባው?

እኛም መጀመሪያ እንደዚህ ነበር ያልነው። ጋምቤላ ጎግና አቦቦ ወረዳ ውስጥ በ2013 ዝንጀሮ ላይ ተገኘ። ውሻም ላይ አለ። ውሻ ታስራለህ፣ ባለቤቱን ታሳምናለህ። ዝንጀሮን ማን ያስራል? ውሃ አጥልለህ ጠጣ ብትለው ይስቅብሃል። አገር ‹‹ነጻ›› የሚል ማረጋገጫ ለማግኘት ደግሞ እንስሳቱም ንጹሕ መሆን አለባቸው።

አንድ ነገር ልንገራችሁ። በ2018 ኢትዮጵያ ውስጥ አንድም ሰው አልተገኘም። በ2019ም ዜሮ። ደስ ብሎን ነበር፣ አልዋሽም። በ2020 ግን 11 ሰው! ትሉ ዓመት ተኝቶ ነው የሚወጣው ብያችኋለሁ፤ ስለዚህ እነዚህ ሰዎች ያንን ውሃ የጠጡት እኛ ‹‹ዜሮ›› እያልን በምንጽፍበት ጊዜ ነው። ከዚያ ወዲህ ዜሮ ሳይ ልቤ አያርፍም።

ጥያቄ፦ ‹‹ዜሮ ሪፖርት›› የሚሉት ምንድነው? ምንም ከሌለ ምን ይላካል?

ምንም እንደሌለ ይላካላ! ሳምንቱ ከሰኞ እስከ እሁድ ይቆጠራል። ከጤና ኬላ ወደ ጤና ጣቢያ፣ ከዚያ ወረዳ፣ ዞን፣ ክልል እያለ አዲስ አበባ ኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ይደርሳል። ባዶ ሆኖ ከመጣ ‹‹የለም ነው ወይስ አልጻፉትም?›› ትላለህ። 0 ከተጻፈ ሰው ኃላፊነት ወስዷል።

በወረቀት ደረጃ። አንድ ቦታ፣ ስሙን ልተወው፣ የአራት ሳምንት ቅጽ በአንድ እስክሪብቶ፣ በአንድ ቁጭታ፣ ሁሉም ዜሮ ተደርጎ ተሞልቶ አግኝቻለሁ። ቀለሙ እንኳ አልተቀየረም። ሞያተኛውን አልፈርድበትም፣ ሦስት ሰው የሚሠራውን ብቻውን ነበር የሚሠራው። ግን ያ ዜሮ ከምንም የከፋ ነው፤ ባዶ ቢተወው ሄጄ አይ ነበር።

እውነተኛውን ዜሮ የምታመጣው ጤና ኤክስቴንሽኗ ናት። ፕሮግራሙ በ2003 ሲጀመር በቀበሌ ሁለት ሁለት ሴቶች ነበር ሐሳቡ። ማን ቤት ማን እንደተኛ ታውቃለች። አንዴ ከአንዷ ጋር ስንሄድ ቡና እየጠጣን ‹‹እዚያ ማዶ እግሩ ያበጠ ልጅ አለ ይባላል›› አለችኝ። ይባላል ነው ያለችው። ስኒውን አስቀምጠን ተነሣን፣ አራት ሰዓት በእግር።

ጥያቄ፦ ልጄ የፖሊዮ ጠብታ ስንቴ ወሰደ መሰላችሁ። ዘመቻ በመጣ ቁጥር አሁንም ይሉኛል። አይጎዳውም?

አይጎዳውም፣ ስጪው እህቴ። አፍሪካ ከዱር ፖሊዮ፣ ማለትም ከክትባት ሳይሆን በተፈጥሮ ከሚዛመተው፣ ነጻ የተባለችው በ2020 ነው። ነገር ግን ክትባት ዝቅ ባለበት አካባቢ በአፍ ከሚሰጠው ክትባት የመጣ ቫይረስ ለረጅም ጊዜ ከልጅ ወደ ልጅ ሲዘዋወር ባሕርዩን ቀይሮ ሽባ ማድረግ ይችላል። መፍትሔው ክትባቱን መተው ሳይሆን ሁሉም ልጅ ጋ መድረስ ነው። ሌላም ልጨምር፦ ከ15 ዓመት በታች የሆነ ልጅ ድንገት እጁ ወይም እግሩ ከዛለ፣ ‹‹ወድቆ ነው›› ብላችሁ አትተዉት። ከ24 ሰዓት ልዩነት ጋር ሁለት ጊዜ ሰገራ ይወሰዳል፣ በበረዶ ሳጥን ይላካል። ከዛለበት ቀን ጀምሮ በ14 ቀን ውስጥ ካልተወሰደ ውጤቱ አያስተማምንም።

ጥያቄ፦ ቲቢስ?

መድኃኒቱ በመንግሥት ተቋም ነጻ ነው። የተለመደው ቲቢ 6 ወር ነው የሚታከመው። ችግሩ ሁለተኛው ወር ላይ ሳሉ ይጠፋል፣ ሰው ድኛለሁ ብሎ ይጠፋል። አትጥፉ።

ጥያቄ (ከድሬዳዋ)፦ ወባ የገጠር በሽታ ነበር። ከተማ መሀል ምን አመጣው?

አዲስ ትንኝ። አኖፌለስ ስቴፈንሲ ትባላለች፣ ከእስያ ናት፤ አገራችን ውስጥ መጀመሪያ የተገኘችው በ2016 ቀብሪደሃር ነው። የለመድናት ትንኝ ረግረግና ኩሬ ትወዳለች፤ ይቺ የእናንተን በርሜልና ሮቶ። በ2022 ድሬዳዋ ላይ የተነሣው ወረርሽኝ ከእሷ ጋር ተያይዟል። ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ ሰው ያጠራቅማል፣ አይፈረድበትም። ክዳኑን ግን ግጥም አድርገህ ዝጋ ወንድሜ፣ ክዳን ከሌለው በጨርቅ እሰረው።

ጥያቄ፦ እግሩ ያበጠውን ልጅ ነገር አንጠልጥለኸው ሄድክ። እግሩ ምን ሆኖ ነው?

ይቅርታ! እሾህ ነበር። ተረከዙ ውስጥ ገብቶ መግል ቋጥሯል። አጥበን አወጣንለት፣ አለቀሰ፣ ብስኩት ሰጠነው። ወሬውን መጀመሪያ ያወሩት ሽማግሌ ‹‹በከንቱ አደከምኳችሁ›› ብለው አፈሩ። ምን ከንቱ አለው አልናቸው፣ እጃቸውን ይዘን አመሰገንን፣ ነገም ካዩ እንዲነግሩን አደራ አልን። በወሩ ሌላ ጥቆማ ላኩ። ሄድን። እሱም እሾህ።