«ውጫዊ ተጽዕኖ» ወይስ «ዳፋ»?

ጥያቄ፦ አራት ኪሎ አካባቢ የአንደኛ ዓመት ተማሪዎችን ኢኮኖሚክስ አስጠናለሁ። «ኔጌቲቭ ኤክስተርናሊቲ»ን «አሉታዊ ውጫዊ ተጽዕኖ»፣ «ማርኬት ፌይለር»ን «የገበያ ውድቀት» ስላቸው ግራ ይጋባሉ። የተሻለ አማርኛ ይኖር ይሆን?

መልስ፦ ለመጀመሪያው፣ ማለትም ከገዢና ከሻጭ ግብይት ተነሥቶ ሌላ ሰው ላይ ለሚደርስ ጉዳት፣ «ዳፋ» አለልዎት። «በእሱ ዳፋ እኔ ተቀጣሁ» ሲባል አድራጊው ሌላ፣ ተጎጂው ሌላ መሆኑ ወዲያው ይገባል። «መዘዝ» አይበቃም፤ መዘዝ ለራስም ይመጣል። «ተጽዕኖ» ጥሩ ቃል ነው፤ ጸዐነ፣ ማለትም ጫነ፣ ከሚለው የግእዝ ግስ ስለመጣ ሸክሙን ይዟል። የሚያሳስተው «ውጫዊ» ነው፤ ተማሪው የውጭ አገር ጫና ይመስለዋል። ውጭ የተባለው ግን ከገዢና ከሻጭ ስምምነት ውጭ ለማለት ነው።

መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተሩን እግረኛ መንገድ ላይ የሚያስነሳ ፎቶ ኮፒ ቤት ያስቡ። ለአንድ ገጽ ወረቀት፣ ቀለምና ቤንዚን 3 ብር ያወጣል እንበል። ጭሱና ጩኸቱ ደግሞ ጎን ያለውን ልብስ ሰፊ በየገጹ 1 ብር ይጎዱታል። የግል ወጪው 3፣ የልብስ ሰፊው ጉዳት ሲጨመርበት ማኅበራዊ ወጪው 4 ብር ነው። ፉክክር ዋጋውን 3 ብር ላይ ካደረሰው፣ ገጹ የ3 ብር ከ50 ጥቅም ብቻ ያለው ሰውም ያስኮፒያል፤ 4 ብር ፈሶበት 3 ብር ከ50 የሚያወጣ ነገር ተሠራ ማለት ነው። እንግሊዛዊው የኢኮኖሚክስ ሊቅ አርተር ፒጉ በ1920 እ.ኤ.አ. ያስተማረው መፍትሔ የዳፋውን ያህል፣ እዚህ ላይ በገጽ 1 ብር፣ ግብር መጣል ነው።

ወደ ሁለተኛው ስንመጣ፣ «ማርኬት ፌይለር» የሚባለው ገበያው ሀብትን በሚገባ ሳይደለድል ሲቀር ነው። ልብ ይበሉ፤ ፎቶ ኮፒ ቤቱ በደንበኛ ተጨናንቋል። «ገበያው ወደቀ» ሲባል አማርኛ ተናጋሪ የሚሰማው ዋጋ መውረዱን ወይም ገዢ መጥፋቱን ነውና «ውድቀት» እዚህ አይሠራም። ባዶውን «የገበያ ጉድለት» ቢሉትም «የበጀት ጉድለት» እንደሚባለው እጥረት ይመስላል። እኔ የምመርጠው «የገበያ አሠራር ጉድለት» ነው። ዳፋ ከምክንያቶቹ አንዱ እንጂ ብቸኛው አይደለም፤ ሞኖፖልም (አንድ ሻጭ ገበያውን ብቻውን መያዙ) አለ፣ ሻጩ የሚያውቀውን ገዢው አለማወቁም አለ።

ሁለት ነገር ያስጠንቅቋቸው። «ወጪ» እና «ውጪ» በፈተና ወረቀት ላይ ይምታታሉ፤ «ማኅበራዊ ውጪ» ትርጉም የለውም። ሁለተኛው ይብሳል፦ አጠገቡ ሌላ ፎቶ ኮፒ ቤት ተከፍቶ ደንበኛ ቢወስድበት ባለቤቱ «የእነሱ ዳፋ ነው» ይል ይሆናል። በኢኮኖሚክስ ግን ይህ ዳፋ አይደለም፤ ጉዳቱ የደረሰው በዋጋ በኩል ነው፣ እሱ ያጣውን ደንበኞቹና አዲሱ ቤት አግኝተውታል። ልብስ ሰፊውን ለሚጎዳው ጭስ ግን ማንም አልከፈለም።