«በኡርዱ ተምረሽ ምን ልትሠሪ ነው?»

ውድ እህቴ፣

በሕንዷ ከተማ በሐይደራባድ በሥነ ልሳን ሁለተኛ ዲግሪሽን ልትጨርሺ እንደተቃረብሽ፣ በዚያ የሚነገረውን የኡርዱ ቋንቋ መናገር እንደለመድሽና በማውላና አዛድ ብሔራዊ ኡርዱ ዩኒቨርሲቲ በትርጉም ጥናት ለዶክትሬት መቀጠል እንደምታስቢ ጽፈሽልኛል። አባትሽ ደግሞ «በኡርዱ ተምረሽ አዲስ አበባ ላይ ምን ልትሠሪ ነው?» ብለውሻል። ጥያቄያቸው ተገቢ ነው። ኡርዱን ብቻ ይዘሽ ብትመለሺ የሚቀጥርሽ መሥሪያ ቤት ማግኘት ይቸግርሻል።

ነገር ግን ያለሽበት ከተማ አንድ ቋንቋ የዩኒቨርሲቲ ማስተማሪያ እንዴት እንደሚሆን ሁለት ጊዜ የሞከረ ከተማ ነው። ኦስማንያ ዩኒቨርሲቲ በኡርዱ ለማስተማር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1918 ሲመሠረት፣ የትርጉም ቢሮው በ1917 ተቋቁሞ ነበር። ቅደም ተከተሉን ልብ በይልኝ፤ መምህሩ ክፍል ከመግባቱ በፊት መጽሐፉና የሳይንስ ቃላቱ ስያሜ መዘጋጀት ነበረበት። ከ1948 በኋላ ኦስማንያ ወደ እንግሊዝኛ ዞረ። በሕንድ ፓርላማ ሕግ በ1998 ሥራ የጀመረው ማውላና አዛድ ያንን የተቋረጠ ጥረት እንደገና አነሣው፤ የጀመረውም በርቀት ትምህርት ነው። የሴቶች ትምህርት ትኩረት እንዲያገኝ በማቋቋሚያ ሕጉ መጻፉን እኔ እጅግ እወድለታለሁ።

የአንቺ ሙያ ከዚያ የትርጉም ቢሮ ጠረጴዛ ይጀምራል። እኛ ዘንድ ተማሪው ቢዘገይ ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ በእንግሊዝኛ ይማራል። «ብርሃን አስተጻምሮ» ሲል ያደገ ልጅ «ፎቶሲንተሲስ» ሲባል የሚያውቀው ነገር መሆኑን እንኳ አይጠረጥርም። ስያሜ የሚያጠና፣ መማሪያ መጽሐፍ የሚተረጉም ሰው ያስፈልገናል። ለአባትሽ የምትሰጪው መልስ ይህ ነው። ስለዚህ ጥናትሽ ስለ ትርጉም በጥቅሉ አይሁን፤ አንድ የሳይንስ ዘርፍ ምረጪና የኡርዱን የስያሜ ልምድ ከአማርኛ ጋር አነጻጽሪ።

አንድ ነገር ያሳስበኛል። በገበያ የሚነገረውን ኡርዱ ማወቅና ከቀኝ ወደ ግራ የሚጻፈውን የመማሪያ መጽሐፍ ማንበብ ለየቅል ናቸው። ዩኒቨርሲቲው አመልካቾች ኡርዱ መማራቸውን በማስረጃ እንዲያሳዩ ይጠይቃል፤ የውጭ አገር ተማሪ ምን ማቅረብ እንዳለበት ዛሬውኑ ለመግቢያ ክፍሉ ጽፈሽ ጠይቂ።

መልሳቸው እስኪደርስ በኡርዱ የተጻፈ የኬሚስትሪ መጽሐፍ ፈልጊና አንድ ምዕራፍ ወደ አማርኛ መልሺ። ያስቸገረሽን ቃል ሁሉ፣ የመረጥሽለትን ስያሜና ምክንያትሽን በደብተር ያዢ። በወሩ መጨረሻ ደብተሩን ላኪልኝ፤ ለዶክትሬት የምታቀርቢውን ሐሳብ ከእሱ ተነሥተን አብረን እንጽፋለን።