«ከገጠር ላውጣሽ ብዬ አስተምሬሽ፣ ተመልሰሽ ገጠር?»

ውድ እህቴ፣

ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። በገጠር ልማት ተመርቀሻል። ከምባታ ውስጥ ያለ አንድ አነስተኛ አገር በቀል ድርጅት የሴቶች ራስ አገዝ ቡድኖችን የምታግዝ የመስክ ሠራተኛ አድርጎ ሊቀጥርሽ ነው። ደሞዙ 9,000 ብር፣ ውሉ የአንድ ዓመት። አዲስ አበባ ደግሞ የባንክ ፈተና አልፈሻል፤ እዚያ 14,000 ይከፍላሉ። አባትሽ ጉራጌ አገር እንሰት ተክለው የሚኖሩ ገበሬ ናቸው። አንቺን ለማስተማር ላም ሸጠዋል። የድርጅቱን ነገር ስትነግሪያቸው «ከገጠር ላውጣሽ ብዬ አስተምሬሽ፣ ተመልሰሽ ገጠር?» አሉሽ። ከዚያ ወዲህ በስልክም አላወሩሽም።

ብዙ ጥያቄ ጽፈሻል። እኔን እንቅልፍ የነሳኝ ግን ይሄ የአባትሽ ንግግር ነው።

አባትሽን አልወቅሳቸውም። ገጠር ምን እንደሆነ ከእኔም ከአንቺም በላይ ያውቁታል። መንገድ በክረምት ሲቆረጥ፣ ወላድ በቃሬዛ ስትወሰድ አይተዋል። ልጄ ይሄ አይንካት ማለታቸው ፍቅር ነው። ቢሆንም ተሳስተዋል። እሳቸው የሚፈሩልሽ ኑሮና አንቺ የቀረበልሽ ሥራ አንድ አይደሉም። ደግሞ ላም መሸጣቸው ትልቅ ውለታ ነው፤ ውለታ ይመለሳል። ዕቁብ ግቢ፤ ሲደርስሽ ላም ግዢላቸው። የምትሠሪውን መምረጥ ግን የአንቺ ነው። ከዕዳው ጋር አብሮ የሚከፈል አይደለም።

እኔም የጀመርኩት በመስክ ነው። አንድ ደጋ ወረዳ ውስጥ አምስት ዓመት ሠርቻለሁ። በመጀመሪያው ዓመት እንጨት ቆጣቢ ምድጃ አከፋፈልን። ምድጃው ጥሩ ነበር። ግን ምጣድ አይችልም። እንጀራ የሚጋገርበት ቤት ውስጥ አብዛኛው እንጨት የሚያልቀው በምጣዱ ነው። ከሦስት ወር በኋላ ስመለስ ምድጃዎቹ ጥግ ተቀምጠው አገኘኋቸው። አንዲት እናት «ልጄ፣ ብትጠይቁን እንነግራችሁ ነበር» አሉኝ። ሪፖርታችን ላይ ግን ሥራው ተጠናቋል ተብሎ ተጽፎ ነበር። ያንን ሪፖርት የጻፍኩት እኔ ነኝ። ዛሬ ሰው ሳማክር መጀመሪያ የማዳምጠው ከዚያ ቀን ጀምሮ ነው። ቢሮ ተቀምጬ ቢሆን ኖሮ ያቺን እናት መቼ አገኛት ነበር?

ልትሄጂበት ባሰብሽው አገር ደግሞ ከእኔ የተሻለ ምሳሌ አለ። ዶክተር ቦጋለች ገብሬ የከምባታ ገበሬ ልጅ ነበሩ። ውኃ ልቀዳ ብለው እየወጡ ነው ተደብቀው ፊደል የቆጠሩት። ኢየሩሳሌም ተማሩ፣ አሜሪካ ተማሩ። ከዚያ ተመልሰው እ.ኤ.አ. በ1997 ከእህታቸው ጋር ኬኤምጂ የተባለውን አገር በቀል ድርጅት መሠረቱ። የሴት ልጅ ግርዛትንና ጠለፋን ማስቆም ነበር ሐሳባቸው። ሕዝቡ ግን መጀመሪያ የጠየቃቸው ድልድይ ነው። ልጆች ትምህርት ቤት፣ ነጋዴውም ገበያ የሚሻገርበት ድልድይ። ገንዘብ አፈላልገው አሠሩት። ስለ ግርዛት የሚደረገው ውይይት ሰሚ ያገኘው ከዚያ በኋላ ነው። ሽማግሌውም፣ እናቱም፣ ወጣቱም አንድ ላይ ተቀምጠው ወራት ተነጋገሩ። ከሞላ ጎደል ሴት ልጅ ሁሉ ትገረዝበት በነበረ አገር ልማዱን በይፋ የሚተው ቀበሌ እየበዛ ሄደ። እኚህ ሴት ተምረው ገጠር በመመለሳቸው ትምህርታቸው ባከነ የሚል ሰው ካለ ከእኔ ጋር አንግባባም።

ይህን ስል አይንሽን ጨፍነሽ ፈርሚ ማለቴ አይደለም። አገር በቀል የተባለ ሁሉ ሕዝቡን ይሰማል ማለት አይደለም። ከመፈረምሽ በፊት ሁለት ቀን ሄደሽ እያቸው። አንድ ቡድን ሲሰበሰብ ዝም ብለሽ ተቀመጪ። ሴቶቹ በየሳምንቱ ጥቂት ብር እየቆጠቡ እርስ በርስ ይበዳደራሉ። የብድር መዝገቡን ማን እንደሚጽፍ ተመልከቺ። ከዓመታት በኋላም የድርጅቱ ሠራተኛ ከሆነ የሚጽፈው፣ ቡድኑ ገና የሴቶቹ አልሆነም። ስብሰባው ገበያ ቀን ላይ ውሎ እንደሆነም አጣሪ። ለኃላፊውም «ሴቶቹ ተቃውመው የቀየራችሁት ነገር አለ?» በዪው። ምሳሌ ካጣ ተጠንቀቂ።

ገንዘቡን በወረቀት ጻፊው። ብቻሽን ቤት ተከራይተሽ አዲስ አበባ ላይ ከ14,000 ብር ስንት ይተርፋል? የከምባታ ዋና ከተማ ዱራሜ ላይ ከ9,000ስ? ልዩነቱ ደሞዙ ላይ የምታዪውን ያህል አይሆንም ብዬ እገምታለሁ። የአንድ ዓመት ውል የሚያስፈራ መሆኑ ግን እውነት ነው። በጥር 2017 የአሜሪካ መንግሥት የውጭ ዕርዳታውን ሲያግድ፣ አዲስ አበባ ትልልቅ ቢሮ ውስጥ የነበሩ ሰዎችም ሥራቸውን አጥተዋል። ስለዚህ ስንት ረጂ እንዳላቸው ጠይቂ። በአንድ ረጂ ብቻ የቆሙ ከሆነ ከመጀመሪያው ወር ጀምረሽ ቆጥቢ። ታናናሾችሽን የምታስተምሪው አንቺ ብትሆኚ ኖሮ ባንኩን ያዢ እልሽ ነበር። እንደጻፍሽው ግን ያ ሸክም የለብሽም።

ከምባትኛ አለመቻልሽ አያሳስብሽ፤ ቡና እየጠጣሽ ትለምጂዋለሽ። ማስተርሱን ሁለት ዓመት ሠርተሽ አስቢው፤ ያኔ የምትጽፊው ጉዳይ ይኖርሻል። ሞተር መንዳት ግን ዛሬውኑ ተማሪ። የሩቅ ቀበሌዎቹን በወንዶቹ ሠራተኞች ፈቃድ ብቻ እንዳታዪ።

መልስ የምትሰጪው በሚቀጥለው ሳምንት አርብ ነው ብለሻል። ከዚያ በፊት፣ በዚህ ቅዳሜ አባትሽ ጋ ሂጂ። በስልክ አይሆንም። ከተስማሙ ደግሞ ለሁለቱ ቀን ጉብኝት ይዘሻቸው ሂጂ። ከምባታም የእንሰት አገር ነው፤ እንሰት የሚያጠወልገው በሽታ እዚያም ሴቶቹን አስቸግሯል። አባትሽ ብዙ የሚሉት ይኖራቸዋል። ሴቶቹም ይጠይቋቸዋል። አጠገባቸው ተቀምጠሽ ስሚ፤ ከዚያ ምን እንዳሉሽ ጻፊልኝ።