ሬንደር ሲጀመር ድርግም የሚለው ኮምፒውተር

አንዲት አርክቴክት ከአዲስ አበባ ጽፋልኛለች። ሁለት ዚዮን ኢ5-2680 ቪ4 ሲፒዩ (የኮምፒውተሩ አንጎል) ያለው ዴስክቶፕ አላት፤ 64 ጊጋ ራም፣ አርቲኤክስ 3060 የግራፊክስ ካርድ። ሉሚየን በሚባለው ፕሮግራም ሬንደር (ከሕንፃው ሞዴል ምስል ማውጣት) ስትጀምር ድርግም ይላል። ሰማያዊ ስክሪን እንኳ አያሳይም፤ ሞኒተሩ ግን በርቶ «ሲግናል የለም» ይላል። ሕንፃ የምትነድፍበት ሪቪት ደግሞ ግድግዳ በነካች ቁጥር ይቆምባታል፤ ያኔ ታስክ ማናጀር ሲፒዩው 2 በመቶ ብቻ እየሠራ ነው ይላል። የጠራችው ሠራተኛ «መብራቱ ነው» ብሎ ስታብላይዘር አስገዝቷታል፤ ዊንዶውሱንም ፎርማት አድርጎታል። ጥያቄዋ፦ «ካርዱን በአርቲኤክስ 4070 ልቀይረው?»

አትቀይሪው፣ እህቴ። እኔ የምጠረጥረው ፓወር ሰፕላዩን (ለክፍሎቹ ሁሉ ኃይል የሚያድለውን ሳጥን) ነው። ሞኒተሩ እዚያው ስታብላይዘር ላይ ተሰክቶ ካልጠፋ መብራቱን ለምን እንወቅሳለን? ፎርማቱማ ግራ ሲገባቸው የሚያደርጉት ነው። 4070 ብትገዢ ደግሞ ይብስብሻል። 3060 የሚፈልገው 170 ዋት ነው፤ 4070 ግን 200። ሚሞሪያቸው ደግሞ ሁለቱም 12 ጊጋ ነው።

ከላክሽው ፎቶ ሁለት ነገር አየሁ። ፓወር ሰፕላዩ ላይ በትልቁ 750 ዋት ተብሏል። ከሥር ባለው ሰንጠረዥ ግን 12 ቮልት፣ 32 አምፒር ይላል። አባዢው፤ ሲፒዩዎቹና ካርዱ የሚመገቡበት ይህ መስመር 384 ዋት ብቻ ነው። ሲፒዩዎችሽ 120፣ 120፤ ካርዱ 170። ሦስቱ ብቻ 410 ሆኑ። ካርዱ ለቅጽበት ከዚያም በላይ ይስባል። እንዲህ ያለውን ቆርቆሮ 750 ብሎ የሚሸጥ ሰው አያፍርም።

ሁለተኛው የባሰ ነው። የካርዱ ባለ 8 ፒን ሶኬት ኃይል የሚያገኘው ለዲስክ ከተሠራው የሳታ ገመድ በአዳፕተር ተቀጥሎ ነው። አንድ የሳታ ሶኬት በ12 ቮልት የሚችለው 54 ዋት ነው፤ ባለ 8 ፒኑ እስከ 150 ይጠይቃል። ይሄ ገመድ ይቀልጣል፣ እሳትም ያስነሳል። እሱን ሳትነቅዪ ሬንደር እንዳትሞክሪ።

ጥርጣሬዬን ለማጣራት በዊንዶውስ የክስተት መዝገብ፣ ኢቨንት ቪውር ውስጥ፣ ከርነል-ፓወር 41ን (ኮምፒውተሩ በአግባቡ ሳይዘጋ ጠፋ የሚለውን) ፈልጊ። ባግቼክኮዱ (የሰማያዊ ስክሪን ስህተት ቁጥሩ) 0 ከሆነ ወደ እኔ ግምት ያደላል። ከዚያ ደህና ፓወር ሰፕላይ ለአንድ ቀን ተዋሺና ሞክሪ። ስትገዢ በ12 ቮልቱ መስመር ብቻ ከ700 ዋት በላይ የሚሰጥ ይሁን። ለሲፒዩ ሁለት ባለ 8 ፒን፣ ለካርድ ደግሞ የራሱ ገመድ ይኑረው። የሌላ ፓወር ሰፕላይ ገመድ አትቀላቅዪበት፤ ጫፉ ቢገጥምም የፒኖቹ አደራደር ይለያያል። ከተቀየረ በኋላም ከጠፋ ሙቀቱን እንይ።

አሁን ወደ ሪቪት፤ ስለዚህ ማውራት አይሰለቸኝም። ሲፒዩዎችሽ በድምሩ 28 ኮር (ስሌት የሚሠራ ክፍል) ናቸው፤ ዊንዶውስ 56 ትሬድ (የሥራ መስመር) አድርጎ ይቆጥራቸዋል። አንዱ ትሬድ እስከ ጥግ ሲሠራ ከመቶው 1.8 ገደማ ነው። ያ 2 በመቶ ማለት አንዱ ሲለፋ ሌሎቹ ቆመው እያዩ ነው። ለምን ቢባል፣ ግድግዳ ስታንቀሳቅሺ በሩ ይከተላል። ከዚያ ክፍሉ ስፋቱን ያሰላል፤ ከዚያ ጣሪያው ይስተካከላል። የፊተኛው ሳያልቅ የኋለኛው አይጀመርም። ወረፋ እንጂ ደቦ አይደለም። ደቦ የሚሆነው ቪሬይ የተባለው የሬንደር ፕሮግራም በሲፒዩ ሲሠራ ነው፤ ያኔ ምስሉ ተቆራርሶ ለሁሉም ይታደላል። ለሪቪት እንግዲህ ወሳኙ የአንዷ ኮር ፍጥነት ነው። ያንቺ የ2016 ሥሪት ነው፤ ቢበዛ 3.3 ጊጋኸርዝ ይደርሳል። ራይዘን 7 9700ኤክስ 8 ኮር ብቻ ሆኖ እስከ 5.5 ይሄዳል፤ በእያንዳንዱ ጊጋኸርዝ የሚሠራውም ይበልጣል። ሻጮች ግን ኮር ቆጥረው ይሸጡልሻል።

ስለዚህ ለ4070 ያሰብሽውን ብር ፓወር ሰፕላይ ግዢበት። የቀረውን ለራይዘኑ፣ ለማዘርቦርዱና ለ32 ጊጋ ዲዲአር5 አጠራቅሚ፤ ራሙ ሁለት ባለ 16 ይሁን። የአሁኑ 64 ጊጋ ዲዲአር4 ስለሆነ እዚያ አይገባም፤ ካርዱ ግን ይዛወራል። አሮጌውን አትሽጪው፣ ለቪሬይ ሬንደር ይሆንሻል።

አዳፕተሩን ግን ዛሬውኑ፣ ኮምፒውተሩን ከሶኬት ነቅለሽ አውጪው። ለሌላ ሰውም አትስጪው፤ በመቀስ ቆርጠሽ ጣዪው።