ዳርቻው ሲያምር ወንዙም ይጠራል?

ጥያቄ፦ ያደግሁት ቀበና ወንዝ አጠገብ ነው። እናቶቻችን አንሶላና ነጠላ አጥበው ድንጋዩ ላይ ያሰጡ ነበር፤ እኛም ልጆቹ እዚያው እንዋኝ ነበር። ዛሬ በዚያ የማልፈው አፍንጫዬን ይዤ ነው። የወንዞች ዳርቻ ሲለማ ሳይ ግን ተስፋ አድሮብኛል። ለዚህ የበቃነው እንዴት ነው? ዳርቻው ከተዋበስ ልጆቼን ውሃው ውስጥ ላስገባ እችላለሁ?
አንባቢያችሁ፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ከመጀመሪያው ጥያቄዎ እንነሳ። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር መኳንንቱ ከነተከታዮቻቸው በየጉብታው ላይ ሰፈሩ፤ በመካከል ያለው ገደልና ጅረትም የሰፈር ድንበር ሆነ። ቀበናንና ግንፍሌን የመሰሉ ስሞች ዛሬም የወንዝም የሰፈርም መጠሪያ መሆናቸው ያለ ምክንያት አይደለም። ድልድይና መንገድ ሲመጣ ሰው የቤቱን ፊት ወደ መንገዱ፣ ጓሮውን ወደ ወንዙ አዞረ፤ ጓሮ ደግሞ እንደሚያውቁት የማይፈለገው ነገር ሁሉ የሚጣልበት ነው።

የመሬቱም አቀማመጥ አግዟል። እንጦጦ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር ይበልጣል፤ አቃቂ ደግሞ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ፍሳሽ ያለ ፓምፕ እንዲወርድ ስለሚፈለግ ዋና ዋናዎቹ የፍሳሽ መስመሮችም ወንዙን ተከትለው ወደ ቃሊቲ ማጣሪያ ጣቢያ ይወርዳሉ፤ መስመሩ ሲደፈን ወይም ሲሰበር ማንሆሉ የሚገነፍለው ወንዙ ውስጥ ነው። ከመስመሩ ጋር ያልተገናኘው ቤት ብዙ ነው፤ አንዳንዱም የሽንት ቤቱን ቱቦ ለዝናብ ውሃ ከተሠራው ቦይ ጋር በስውር ያገናኘዋል። በጥር ወይም በየካቲት ወደ ወንዙ ቢወርዱ ከቦዩ አፍ አረፋ የቀላቀለ ግራጫ ውሃ ሲንዶቆዶቅ ያያሉ። ሰማዩ ሳያካፋ ከዝናብ ቦይ ውሃ ከወረደ፣ የመጣው በአብዛኛው ከሰው ቤት ወይም ከፋብሪካ ነው።

ስለዚህ ዳርቻው ብቻ ስለለማ ውሃው አይጠራም። በ2011 ዓ.ም. ይፋ የሆነው፣ ከእንጦጦ እስከ አቃቂ 56 ኪሎ ሜትር ያህል እንዲሸፍን የታቀደው የወንዞች ዳርቻ ልማት ከተማዋ ፊቷን ወደ ወንዞቿ እንድታዞር አድርጓል፤ ይህን ማቃለል አይገባም። ሣርና አበባ ግን ፍሳሽ የሚለቀውን ቱቦ አይዘጋም። የደቡብ ኮሪያዋ ሴኡል የቾንግግዬቾን ወንዝ የተቀበረበትን አውራ ጎዳና አፍርሳ እ.ኤ.አ. በ2005 ወደ 6 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ውብ ጅረት ከፍታለች፤ የሚፈሰው ውሃ አብዛኛው ግን ከሌላ ወንዝ በፓምፕ የሚመጣ ነው።

ለእኛ ይበልጥ የሚያስተምረን፣ በእኔ እምነት፣ የጀርመኑ ኤምሸር ወንዝ ነው። ወንዙ በሚያልፍበት በሩር አካባቢ ከመሬት በታች ከሰል ይወጣ ስለነበር መሬቱ ይሰምጣል፤ የተቀበረ ቱቦም ይሰበራል። በዚህ ምክንያት ወንዙን ራሱን በሲሚንቶ ገንብተው ከመቶ ዓመት በላይ የፍሳሽ ቦይ አደረጉት። ከሰል ማውጣቱ ከወንዙ አካባቢ ወደ ሰሜን ከሸሸ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1992 ወንዙን የማጽዳት ሥራው ተጀመረ፤ ማጣሪያ ጣቢያዎች ተሠሩ፣ 51 ኪሎ ሜትር ርዝመት ያለው ዋና የፍሳሽ መስመር በጥልቀት ተቀበረ፣ እ.ኤ.አ. በ2021 መጨረሻም ፍሳሽ ወደ ወንዙ መግባቱ ቆመ። ሠላሳ ዓመት ገደማ የፈጀው አብዛኛው ሥራ መንገደኛ ቆሞ ፎቶ የማይነሳበት፣ ከመሬት በታች ያለ ሥራ ነበር።

የእኛ ወንዞች ጉዳይ ከከተማዋም ያልፋል። ትንሹና ትልቁ አቃቂ ወንዞች አባ ሳሙኤል ግድብ ላይ ተገናኝተው ወደ አዋሽ ይወርዳሉ፤ ግድቡን የወረረው እንቦጭ የሚፋፋው እኛ በለቀቅነው ፍሳሽ ነው። በዚሁ ውሃ በመስኖ የሚለማው ጎመንና ቆስጣ ወደ ገበያችን ተመልሶ ይመጣል፤ ከቆዳ ፋብሪካ የሚወጣው ክሮምየም የተባለ ከባድ ብረት ወደ ቅጠሉ ከገባ በኋላ ደግሞ በማጠብም ሆነ በመቀቀል አይጠፋም።

ልጆችዎን ወደ መናፈሻው ይውሰዷቸው፤ ውሃው ውስጥ ግን አያስገቧቸው። በተለይ ክረምቱ ሲገባ በመጀመሪያዎቹ የዝናብ ቀናት ከዳር እንኳ ያርቋቸው፤ በጋውን ሙሉ በቦዮቹ ሲጠራቀም የከረመው ሁሉ ተጠርጎ የሚወርደው ያን ጊዜ ነው።